አንኳኩልኝ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «እህትዓለም፣ ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው አይደል? እንግዲህ መማር ብቻ ነዋ!» ብሎ ጻፈልኝ። «መማር ብቻ» ያላት ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

ነፃ መሆኑስ እውነት ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ብትሄድ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሰው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ነው። ለቪዛ ባንክ ተቆልፎ የሚቀመጠውን 11,904 ዩሮ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ገንዘብ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር በእንግሊዝኛ የሚቀርብ የሴሚናር ፕረዘንቴሽን ደረሰኝ። ርዕሴ የጤፍ መጋሸብ፣ ማለት ሰብሉ ማሳው ላይ መተኛቱ ነበር። አገር ቤት ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ግን እኛ ያደግነው ዝም ብለን እየጻፍን ነው፤ መምህርን ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው፣ ጎበዝ የሚባለውም ቃል በቃል የሸመደደው ነው። እኔም ሸምድጄ ቀረብኩ። አራተኛው ስላይድ ላይ አንድ ቃል ጠፋኝ፣ ከሱ ኋላ ያለው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ወረቀቴን አውጥቼ አቀርቅሬ ማንበብ ጀመርኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ የወረቀቱ ድምፅ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። መምህሩ አስቆመኝና በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት «ይህ ንባብ ነው እንጂ ፕረዘንቴሽን አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ታቀርቢያለሽ» አለኝ። ቁጣም የለው፣ ሳቅም የለው፣ የባቡር ሰዓት የሚነግረኝ ነው የሚመስለው። ከተማሪውም አንድ ሰው «አይዞሽ» አላለኝም። ትራም ውስጥ ሻርፔን ዓይኔ ላይ ጠቅልዬ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ያው መምህር ቢሮው ጠራኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስላይዶቼን አንድ በአንድ አብሮኝ አየ፤ የበዛውን ጽሑፍ አስወጣኝ፣ ሥዕል አስገባኝ። የኛ ሰው ቢሆን ይሉኝታ ይዞት «ጥሩ ነው» ብሎ ያሳልፈኝ ነበር፤ ሐሜቱ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጀርመኖቹ ግን ፊት ለፊት ሰድበው ሲያበቁ ቁጭ ብለው ያግዙሃል። ለዚያ ሰውዬ ምስጋናዬ የልብ ነው። ግን አንዲት «አይዞሽ» ምን ያህል ትከብዳለች? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«አይዞሽ»ን ያገኘሁት ከቤት ነው። አብራኝ የምትኖረው ኤርትራዊት ነርስ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ታዳምጠኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስጨርስ «አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሽ። ማንን በድለሽ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ባልኩ ቁጥር ሲኒውን በማንኪያ ቃ! ታደርጋለች፣ እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ማታ ማታ ደግሞ ምንጃር ላለችው እናቴ በስልክ አቀርብላት ነበር። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አትሰማም። ሃያ ደቂቃ ዝም ብላ ታዳምጠኝና «ልጄ፣ መሃል ላይ ስትደርሺ ውሻ እንዳባረረው ሰው ትፈጥኛለሽ። እዚያ ጋ ምንድን ነው ያለው?» ትለኛለች። እዚያ ጋ ያለው ጤፍ ለምን እንደሚጋሸብ የሚናገረው ክፍል ነበር። በአማርኛ ስነግራት ሳቀች። «ይሄንንማ እኔን ጠይቂኝ!» ብላ፣ ማሳው ሲሰባ፣ ዝናቡ ነፋስ ቀላቅሎ ሲመጣ፣ ፍሬ የያዘው አናቱ ከብዶት እንዴት እንደሚተኛ አስረዳችኝ። በመስመር ዝሩ የተባሉ ጊዜ ያን ዱቄት የሚያህል ዘር እያጎነበሰች ስታንጠባጥብ ወገቧ ስንት ቀን እንደታመመም ነገረችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ስላይድ ላይ ፈጥኜ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ፣ አቀረብኩ። ጥያቄ ሲጀመር አንዱ ልጅ «በመስመር ሲዘራ አገዳው ከጠነከረ ገበሬው ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አይዘራም?» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እናቴ በሰው የላከችልኝ ጤፍ በላስቲክ ነበረኝ፣ አውጥቼ ትንሽ ትንሽ መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። አንድ ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም እንደማይሞላ ነገርኳቸው። ጠያቂው ቆንጥሮ አንዷን ፍሬ ለብቻዋ ሊይዝ ሞከረ፣ ከጣቶቹ መሃል አመለጠችው። «አሁን ይህን ሄክታር ሙሉ አጎንብሰህ በመስመር ዝራው» አልኩት፤ የእናቴንም ወገብ ነገርኩት። ወረቀት አላየሁም፣ ይቅርታም አላልኩም።

ስጨርስ ሁሉም ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩ ጀመር። ከመጣሁ ጀምሮ ትምህርት ሲያልቅ ይህን ድምፅ እሰማ ነበር፤ «ሰዓቱ ሞልቷል፣ ልቀቁን» እያሉ መስሎኝ ለመምህራኑ አዝንላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ጠረጴዛ የሚመታው መምህር ነው፣ እሱም ጸጥ ለማሰኘት። ደንግጬ ላፕቶፔን መዝጋት ስጀምር መምህሩም እያንኳኳ መሆኑን አየሁ፣ ፈገግ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጠችው ኢንዶኔዥያዊት ክንዴን ይዛ «እያጨበጨቡልሽ ነው!» አለችኝ። ያኔ ነው እግሬ የከዳኝ።

ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ አንኳኩልኝ» ብላት «ማን መጣ?» አለችኝ። ሳስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ሲገባት እልል አለች።

እና አንተ ወንድሜ፣ ሰነድህን ስታሯሩጥ አፍህንም አሠልጥን። እዚህ ውጤትህን ዓይቶ የሚያከብርህ የለም፤ ቆመህ ስትናገር ነው የሚያውቁህ። ሽምደዳውን ተወው። ስለምታውቀው ነገር ሃያ ደቂቃ ጮክ ብለህ ለእናትህ ንገራት፣ ቋንቋው ባይገባት ግድ የለህም፣ የት ላይ እንደፈራህ ትነግርሃለች። እዚህ ስትደርስም ለብቻህ ክፍልህን ዘግተህ አትለማመድ፣ ሰው ለምነህ ፊቱ ተለማመድ። የሚያዳምጥህ ካጣህ እኔ አለሁ፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በአንተ አቆጣጠር ደውልልኝ።