4 ምስክሮች ፈርመውበት የፈረሰ ኑዛዜ

ከአያት ወዲያ ባለ አንድ ሰፈር፣ ልጅ ያልወለዱ አንዲት እናት ቤታቸው ለሰፈሩ የሕፃናት ማቆያ እንዲሆን፣ የሰርቪሶቹም ኪራይ ለችግረኛ እናቶች እንዲውል ተናዘዙ። ፊደል ስላልቆጠሩ እሳቸው እየነገሩት የዕድራቸው ጸሐፊ ጻፈው። አራት ጎረቤቶች ፈረሙ፤ እሳቸውም ሐምራዊ ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ቀኑም አለ። ላየው ሰው የጎደለው ነገር የለም።

ካረፉ በኋላ የወንድም ልጆች መቃወሚያ አቀረቡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል፤ መነበቡና የተጻፈበት ቀንም እዚያው ኑዛዜው ላይ መገለጽ አለባቸው። ወረቀቱ ላይ «ተነበበ» የሚል ቃል የለም። ምስክሮቹ ቀርበው «ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምተናል፤ እሳቸውም ‹አዎ፣ ቃሌ ነው› ብለዋል» አሉ። ወረቀቱ ያልያዘውን ግን በቃል መሙላት አልተቻለም። ኑዛዜው ፈረሰ፤ ቤቱ ለወንድም ልጆች ሆነ። ማቆያው በዚያ ቤት ተማምኖ የተከራየውን ግቢ እንደሚለቅ ለአከራዩ ነግሮ ስለነበር ሕፃናቱን ይዞ ተንገላታ።

ሕጉ ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው ጸሐፊው ምን እንዳሰፈረ የሚያውቀው ሲነበብለት ብቻ ነው። ኑዛዜው በሚከፈትበት ቀን ደግሞ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለት አይችልም።

ስለዚህ ከፊርማው በላይ ይህ ይስፈር፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ በእኔ በተናዛዧና ከዚህ በታች በፈረሙት 4 ምስክሮች ፊት ተነቧል፤ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሁላችንም ወዲያውኑ ፈርመናል።» «ወዲያውኑ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ምስክር ሲቀር «ነገ ቤቱ ወስደን እናስፈርመዋለን» ማለት በየሰፈሩ የተለመደ ስሕተት ነው። አራቱ እስኪሟሉ መጠበቅ ይሻላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ፤ አቅም ያለው ሰው ውልና ማስረጃ ቢሄድ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

የተቀባዩም ስም ያስቸግራል። «ለሰፈሩ ሕፃናት» የሚል ኑዛዜ ቤቱ በማን ስም እንደሚዞር አይናገርም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅት የሕግ ሰውነት የሚያገኘው ሲመዘገብ ነውና፣ ስሙ በምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ፊደል ሳይጎድል ይገልበጥ። «ቦታዬን» ተብሎም አይጻፍ፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ «በይዞታዬ ላይ ያለውን ቤት» ተብሎ የካርታው ቁጥር ይጠቀስ። የማቆያው ሠራተኛ ደግሞ ቅርብ ነው ተብሎ ለምስክርነት አይጠራ፤ ተጠቃሚው ራሱ መሰከረ ለሚል ሌላ መቃወሚያ በር ይከፍታል።