አፄ ካሌብ ሊዘምቱ ሲሉ ያስገለበጡት ጽሑፍ

ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን የአክስቴ ልጅ (ዘንድሮ ማትሪክ ትፈተናለች) "ቆይ ግን አፄ ካሌብ ያን ሁሉ መርከብ ከየት አመጡት?" አለችኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ስለ ካሌብ ሲነሳ ዘውዳቸውን ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን መመነናቸውን ነው የምናወራው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የዘመቱትን የዘመቻ ዝግጅት የሚያነሳ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

የሂምያር (የዛሬዋ የመን ላይ የነበረ መንግሥት ነው) ንጉሥ ዩሱፍ፣ ዐረቦቹ ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ ዋና ከተማው ዛፋር የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች ገደለ፣ በ523 ደግሞ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ከዛ 525 መጣ፣ በፈረንጆቹ ነው፣ በኛ 517 ገደማ። የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዮስጢኖስ ካሌብን ደግፏቸው ከአይላ (የዛሬዋ አቃባ) ጀምሮ እስከ ፋራሳን ደሴቶች ካሉት ወደቦች ወደ 60 የሚጠጋ መርከብ ተሰበሰበ፣ ካሌብም በራሳቸው ጨምረው አሠሩና ተሻገሩ፣ ዩሱፍ ተገደለ። በኋላ እዛ የሾሙትን ንጉሥ ሱሙያፋን የአክሱም ጦር መሪ የነበረው አብርሃ ገልብጦት፣ እሱን እንዲቀጣ የላኩት 3,000 ጦርም ከአብርሃ ጋር ወግኖ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ።

እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ ከመሻገራቸው በፊት የሆነው ነው። የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስ መግቢያ ላይ፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የነጭ እብነበረድ ዙፋን ነበር፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ሐውልት፣ ሁለቱም ላይ በግሪክኛ ተጽፏል። ካሌብ ጦር እያሰናዱ፣ መርከብ እያስቆጠሩ፣ በዛ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ለአዱሊሱ ገዥ ለአስባስ ጽሑፉን አስገልብጦ እንዲልክላቸው አዘዙት። ገዥውም ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴና ሜናስ የሚባል ሌላ ነጋዴ ላከ፣ ቁጭ ብለው ገለበጡት።

ሐውልቱ ላይ የነበረው የግብጹ የጰጥሎሜዎስ 3ኛ ጦርነትና ዝሆኖቹ ነው። ዙፋኑ ላይ የነበረው ግን አንድ የጥንት የአክሱም ንጉሥ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ያስጻፈው፣ ያስገበራቸውን አገሮች አንድ በአንድ እየጠራ፣ ቀይ ባሕርን አሻግሮ መርከብና እግረኛ ልኮ እስከ ሳባ ምድር ድረስ እንዳስገበረ የሚናገር ነው። ያው ባሕር፣ ያው ማዶ! ካሌብ የፈለጉት ይሄንን ይመስለኛል፣ ከሳቸው በፊት የተሻገረ ንጉሥ ምን ብሎ እንደጻፈ ማወቅ።

"ድንጋዩ አሁን የት ነው?" አለችኝ። ዙፋኑም ሐውልቱም የሉም፣ አልተገኙም። ኮስማስ አንዱን ግልባጭ ለገዥው ሰጥቶ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ነበር፣ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መስለውት ሁሉንም ለጰጥሎሜዎስ ሰጠው እንጂ ቃሉን አልጣለም፣ ዛሬ የምናነበውም እሱኑ ነው። የዙፋኑ ጽሑፍ መጀመሪያው ስለጎደለ የዛ ንጉሥ ስም እስካሁን አይታወቅም።