ደሴ ላይ የራፕ አልበም ማውጣት፦ ማንም ያልነገረን የእገዳ ጣጣ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቤታቸው ቁጭ ብለው ራፕ ለሚሠሩ ልጆች ነው። እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። አልበም ልታወጡ ካሰባችሁ ስለ ቀረጻው ከኔ የሚሻል ሰው ታገኛላችሁ። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው አልበሙ ከወጣ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ስለሚመጣው እገዳ ነው። ለእኛ ቀድሞ የነገረን አልነበረም።

ሁለት ነን። እኔ ግጥሙን እጽፋለሁ፣ ራፕ አደርጋለሁ። ያደግኩት ደሴ ሆጤ ነው። ጓደኛዬ ቢት፣ ማለትም ራፑ የሚሄድበትን ሙዚቃ ይሠራል፤ ድምፆቹን የሚያዋህደውም (ሚክስ) እሱ ነው። እሱ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። በመካከላችን ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን በሚኒባስ መውረድና መውጣት የሥራችን አካል ሆኖ ነበር። ብዙው ግጥም የተጻፈው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

የተለመደውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ቢቱ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባል የሙዚቃ ሶፍትዌር ተሠራ። ድምፄን ሌሊት ሌሊት ቀዳን። ቀን ቀን የባጃጅ ድምፅ አያስቀዳም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠብቀን እንቀጥላለን። ማስተሩን፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ አዲስ አበባ ለሚሠራ ባለሙያ ከፍለን አሠራን፣ ጎበዝ ነው፣ አልተቆጨንም። ሽፋኑን የሠራችልን አንዲት የሥዕል ተማሪ ናት።

ስለ አልበሙ ቅርጽ ግን ትንሽ ልበል። ጓደኛዬ የአሜሪካዊው ቢት ሠሪ የማድሊብና የራፐሩ የኤምኤፍ ዱም አድናቂ ነው። ሁለቱ ማድቪሌን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት አልበም 22 ክፍል አለው፤ ጠቅላላው ግን 46 ደቂቃ ገደማ ነው። አብዛኛው አዝማች የለውም። ሐሳቡ ሲያልቅ ያልቃል። እኛም እንደዚያ መሥራት እንፈልግ ነበር። ያማከርናቸው ሁሉ “አዝማች የሌለው ዘፈን እዚህ አገር አይሸጥም” አሉን። አልሰማናቸውም። አልበሙን ያደመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ያንኑ ነው፣ ምንም ትርፍ ነገር የለውም ይላሉ። ስለዚህ አዝማች ጨምሩ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ።

ሌላው የምኮራበት ማሲንቆው ነው። የወሎ ልጅ ሆኖ ማሲንቆን ከኪቦርድ ድምፅ መውሰድ ያሳፍራል። ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት እዚሁ ደጃችን ያሉ አገሮች ናቸው። ከውጫሌ በኩል የመጡ፣ በሰርግ ቤት የሚታወቁ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ቢቱን አስደመጥናቸው። ዝም ብለው ሰሙና “ልጄ፣ ይሄ ከበሮ አይቸኩልም፣ ደስ ይላል” አሉ። ከዚያ መጫወት ጀመሩ።

ችግሩ የማሲንቆዋ ድምፅ ከቢቱ ጋር አልገጠመም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ ቋሚ መለኪያ ነው። ጋሼ ግን ጭራውን የሚያጠብቁት ለራሳቸው ድምፅ እንዲመች ነው። አንድ የስቱዲዮ ሰው ማሲንቆውን በሶፍትዌር አስተካክሉት አለን። ሞክረነው ሞተ። አምባሰል ውስጥ ከመነሻው ድምፅ ቀጥላ የምትመጣ ጠባብ እርምጃ አለች። ልብ የምትይዘው እሷ ናት። ማሽኑ እሷኑ ነው የሚያበላሸው። ጓደኛዬ ማሲንቆውን ትቶ ቢቱን በሙሉ ወደ ጋሼ ድምፅ አስተካከለ። ቤዙም፣ ፒያኖውም፣ ሁሉም። ብዙ ሥራ ነው፣ ግን ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ሽማግሌውን ወደ ማሽኑ አታምጡ፣ ማሽኑን ወደ ሽማግሌው ውሰዱ።

የዚያኑ ዕለት ወረቀት ተፈራረምን። አንድ ገጽ ናት። ምን እንደተጫወቱ፣ ስንት እንደተከፈላቸው፣ ቅጂውን የት እንደምንጠቀምበት ይላል። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። ጋሼ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አላቸው፣ “በኛ መካከል ወረቀት ምንድን ነው?” አሉ። “ጋሼ፣ እርስዎንም ነው የሚጠብቀው” አልናቸው። በእርግጥም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹም ለብቻው መብት ይሰጣል። መብት ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ይህች ወረቀት በኋላ እንዴት እንደጠቀመችን ትሰማላችሁ።

አልበሙ ወጣ። ዩቲዩብ ላይ በራሳችን ቻናል ጫንነው። በቴሌግራም ለቀቅነው። ፒያሳ አካባቢ ስልክና ፍላሽ ላይ ዘፈን ለሚጭኑ ልጆች በነፃ ሰጠናቸው። ለደሴና ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶችም ሰጠን። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ ጸሐፊ ረጅም ጽሑፍ ጻፈልን። ከክፍለ ሀገር በዚህ ዓመት የወጣ ምርጥ ራፕ ነው አለ፣ ማሲንቆው ላይ የሠራነውንም በደንብ ተረድቶት ነበር። ጽሑፉ ሲዞር ሰው ሊንኩን መክፈት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ቪዲዮው የታገደው።

ማሲንቆ ያለባቸው ዘፈኖች ሁሉ “በቅጂ መብት ይገባኛል ጥያቄ ምክንያት አይታይም” የሚል ጽሑፍ ወጣባቸው። ጠያቂው የባህል ዘፈን የሚያወጣ አንድ ትልቅ ቻናል ነው። ጋሼ ለእኛ የተጫወቱት የአምባሰል ዜማ በአንድ የሰርግ ዘፈናቸው ውስጥም አለ። ያንን ዘፈን ኮንቴንት አይዲ ውስጥ አስገብተውታል። ኮንቴንት አይዲ የተመዘገበን ድምፅ ከተጫነው ሁሉ ጋር በራሱ የሚያመሳስል የዩቲዩብ ሥርዓት ነው። ቀጥታ የተቀዳን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ዜማውንም ያመሳስላል። ቅጂው ሌላ፣ ማሲንቆው ሌላ፣ ተጫዋቹ ሌላ። ዜማው ግን የሕዝብ ነው፤ ጋሼ ከአባታቸው የሰሙት፣ አባታቸውም ከአባታቸው።

እስካሁን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ሰው አመስግኖን ያንን ምስጋና አንብቦ የመጣ አድማጭ ባዶ ገጽ ያገኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ስንት አድማጭ እንዳጣን ማን ያውቃል።

ወደ ቻናሉ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ትህትና የሚባል የለውም። “ዜማው የኛ ነው” አለኝ። “ወንድሜ፣ ይሄ ዜማ እኮ አንተም እኔም ሳንወለድ አምባሰል ውስጥ ይዘፈናል” አልኩት። “እኛ ነን ያስመዘገብነው” አለ። ከዚያ ብትከራከሩ ስትራይክ እናስገባባችኋለን፣ ቻናላችሁ ይዘጋል ብሎ ስልኩን ዘጋው። ስትራይክ ዩቲዩብ ለቅጂ መብት ጥሰት የሚሰጠው ቅጣት ነው፤ ሦስት ስትራይክ ቻናል እንደሚያዘጋ እናውቃለን፣ ስለዚህ ፈራን።

የሚያውቅ የተባለ ሰው ጠየቅን። ተቃውሞ አቅርባችሁ ታገሡ አለን። ተራው የተቃውሞ መንገድ ጠያቂው መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን ይፈቅድለታል። ያ ሰውዬ ያልነገረን ነገር አለ። ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ከታገደ ያንን ደረጃ ዘልሎ በቀጥታ ይግባኝ የማለት አማራጭ አለ። ያኔ ጠያቂው ያለው 7 ቀን ብቻ ነው። ይህን ያወቅነው ወር ካለፈ በኋላ ነው። እናንተ ዛሬ ዕወቁት።

በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ አለ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ዜማው የሕዝብ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ብንይዝ ይጠቅመናል ብለን ሄድን። ኃላፊው በትህትና ተቀበሉን። “የዜማው ባለቤት ማን ነው?” አሉ። “የሕዝብ ዜማ ነው ጌታዬ” አልኳቸው። “እሺ፣ ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርም።” “ባለቤት የለውም፣ የሕዝብ ነው።” “እንግዲያው የሕዝብ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ።” “ከማን?” “ከሚመለከተው አካል።” የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጸሐፊዋን ጠሩ። እሷ ወደ ሌላ ክፍል ላከችን፤ እዚያ ያለው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል ተባልን። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ባለሙያው ወረዳ ወርዷል ሆነ። ጋሼን ሁሉ ይዘናቸው ሄደን ነበር። ማሲንቆአቸውን ታቅፈው ኮሪደር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ማየት ልቤን ነው ያቆሰለው። የአገሩን ዜማ በጣታቸው የያዙ ሰው እዚያ ቆመዋል፤ የሚፈለገው ግን ማኅተም ነው። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ግን ወሎ ውስጥ ቢሮ ይዞ የአምባሰልን ባለቤት አምጡ ማለት ሊቀየር የሚገባው ነገር ነው።

ደብዳቤው አልመጣም። ሌላ ሰው ደግሞ አልበሙን ካላስመዘገባችሁ ምንም መብት የላችሁም አለን። ይህም ስሕተት ነው። በሕጋችን ሥራህ ወጥ ከሆነና ተቀርጾ ከተቀመጠ ጥበቃው ያለ ምንም ምዝገባ ይጀምራል። ምዝገባ ማስረጃ ይሆናል፣ አልጠላውም። ግን ዩቲዩብ ላይ የያዘንን ጉዳይ ምስክር ወረቀት አልፈታውም። አዲስ አበባ ድረስ የትራንስፖርትና የአልጋ ገንዘብ አውጥታችሁ ሩጡ የሚሏችሁን እኔ አልስማማቸውም። ያንን ገንዘብ መጀመሪያ ለማሲንቆ ተጫዋቹ ክፈሉት፣ ከተረፈ በኋላ ሂዱ።

የፈታው ሌላ ነው። ቻናሉ የመጀመሪያውን ተቃውሞ “አንቀበልም” ብሎ መለሰው። ያኔ ጓደኛዬ ከኮምቦልቻ መጣና አንድ ሌሊት ቁጭ ብለን ይግባኙን ጻፍን። ስሜት አላስገባንም። ዜማው የሕዝብ እንደሆነ፣ የነሱ መብት በቅጂያቸው ላይ እንጂ በዜማው ላይ እንዳልሆነ፣ የኛ ቅጂ በኛ ማይክ እንደተቀዳ ጻፍን። የዩቲዩብ ደንብ ራሱ ኮንቴንት አይዲ ውስጥ የሚገባው ብቸኛ መብት ያላችሁበት ነገር ብቻ ነው ይላል፤ እሱንም ጠቀስን። የጋሼን ውል፣ የተቀዳበትን ጥሬ ፋይል ከነቀኑ፣ ሲጫወቱ በስልክ የቀረጽነውን ቪዲዮ እንዳለን ገለጽን። ለቻናሉ አለቃም ያንኑ በኢሜይል ላክንለት፤ ስልክ አልደወልንም።

ይግባኙ አደጋ አለው፣ አልደብቃችሁም። ጠያቂው ካልተቀበለው ሕጋዊ የማስወረጃ ጥያቄ ማስገባት ይችላል። ያ ስትራይክ ያመጣል። ስትራይኩ 90 ቀን ይቆያል። እናንተም አጸፋ መቃወሚያ ማስገባት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። እዚህ ድረስ ለመሄድ ጠያቂው በስሙ ፈርሞ ዜማው የኔ ነው ማለት አለበት። በስልክ የሚጮኽ ሰው ያንን ሲያይ ይቀዘቅዛል። እነሱም ቀዘቀዙ። ይገባኛል ጥያቄውን አነሱት። ይቅርታ ግን አላሉም፣ እስከ ዛሬ።

ዘፈኖቹ ተመለሱ። የጸሐፊው ሊንክ እንደገና መሥራት ጀመረ፣ ግን የመጀመሪያው ግርግር አልፎ ነበር። አድማጩን መልሰን የሰበሰብነው በሚኒባሶቹና በፍላሽ ነው። ለዚህ ነው ዩቲዩብ ብቻ ላይ አትንጠልጠሉ የምለው። በእገዳው ሰሞን አልበማችን በሕይወት የቆየው ሐረጎን በሚወጡና በሚወርዱ መኪናዎች ውስጥ ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። አልበም በበዓል ነው የሚወጣው የሚሏችሁን አትስሙ። በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ትልልቆቹ ዘፋኞች ያወጣሉ፣ ማንም አያያችሁም። እኛ አገር ደግሞ የሁዳዴንም የረመዷንንም ጊዜ አስቡ፤ ግማሹ አድማጫችሁ ያኔ ዘፈን አይከፍትም። ተራ ሳምንት ምረጡ።

ያላለቀ ሚክስም ለማንም በቴሌግራም አትላኩ፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን። የማድቪሌን አልበም እንኳ ሳያልቅ ሾልኮ ወጥቶ ሥራቸውን አጓቷል።

የባህል መሣሪያ የምትቀዱ ከሆነ አልበሙን ከመጫናችሁ በፊት ዘፈኖቹን “ያልተዘረዘረ” (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው) አድርጋችሁ አስገቡና ሲስተሙ የሚለውን እዩ። የይገባኛል ጥያቄ ካለ ያኔ ይታያችኋል፣ ማንም ሳያውቅ ጨርሱት። እኛ ቀጣዩን አልበም የምናወጣው እንደዚያ ነው። ጋሼም አሉበት፤ በዚህኛው ባቲ ነው የሚጫወቱት።