የአምፔር ሕግ ጉድለትና የስቶክስ ቲዎረም

በፊዚክስ ትምህርት የጋውስ ቲዎረምና የጋውስ ሕግ ተከታትለው ስለሚመጡ ብዙ ተማሪ አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። ቲዎረሙ ከዝግ ገጽ የሚወጣው የማንኛውም ቬክተር መስክ (በየነጥቡ መጠንና አቅጣጫ ያለው መስክ) ፍላክስ፣ ማለትም በገጹ የሚያልፈው ጠቅላላ መጠን፣ በውስጡ ካለው የዳይቨርጀንስ (መስኩ ከየነጥቡ የሚፈልቅበት ልክ) ድምር ጋር እኩል መሆኑን ይገልጻል፤ በሒሳብ የተረጋገጠ ስለሆነም ለቤተ ሙከራ የሚተወው ጥያቄ የለም። ሕጉ ግን ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ነው፦ ከዝግ ገጽ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መስክ ፍላክስ በውስጡ ካለው ቻርጅ ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል፤ በቻርጆች መካከል ያለው የኩሎምብ ኃይል ከርቀት ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ ባይመጣጠን ኖሮ ይፈርስ ነበር።

ይሁን እንጂ ቲዎረም ስለ ተፈጥሮ ምንም ሳይናገር የአንድን ሕግ ጉድለት ሊያጋልጥ ይችላል። ለዚህ ከአምፔር ሕግ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሕጉ በጥንቱ መልኩ፣ በአንድ ቀለበት ዙሪያ የሚደመረው ማግኔታዊ መስክ በቀለበቱ ውስጥ ከሚያልፈው ጅረት ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል። የስቶክስ ቲዎረም ደግሞ ይህ የቀለበት ዙሪያ ድምር በቀለበቱ በተከለለ ገጽ ላይ ከሚደመረው የመስኩ ከርል (የመዞር ልክ) ጋር እኩል ነው ይላል፤ ጠርዙ ያ ቀለበት እስከሆነ ድረስ የፈለግነውን ገጽ እንድንመርጥ ይፈቅዳል። (ኬልቪን ይህን ቲዎረም እ.ኤ.አ. በ1850 ለስቶክስ በደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ስቶክስም በ1854 በካምብሪጅ የስሚዝ ሽልማት ፈተና ላይ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው። ከተፈታኞቹ አንዱ ማክስዌል ነበር።)

አሁን 2 አምፒር እየገባበት በመሞላት ላይ ያለ ካፓሲተር (በሁለት ትይዩ ፕሌቶች ላይ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) እንውሰድና ቀለበቱ ወደ አንደኛው ፕሌት የሚሄደውን ሽቦ ይክበብ። ጠፍጣፋ ገጽ ከመረጥን ሽቦው ስለሚበሳው ጅረቱ 2 አምፒር ነው፤ ገጹን እንደ ከረጢት ለጥጠን በሁለቱ ፕሌቶች መካከል ካሳለፍነው ግን የሚበሳው ሽቦ ስለሌለ ጅረቱ ዜሮ ይሆናል። ለአንድ ቀለበት ሁለት መልስ ተገኘ ማለት ነው። ጥፋቱ የስቶክስ አይደለም። የከርል ዳይቨርጀንስ ምንጊዜም ዜሮ በመሆኑ፣ ጅረትን ከማግኔታዊ መስክ ከርል ጋር የሚያመጣጥነው የጥንቱ ሕግ የጅረትም ዳይቨርጀንስ ዜሮ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህም ቻርጅ የትም ሊጠራቀም አይችልም እንደማለት ነው፤ የካፓሲተር ሥራ ደግሞ ይኸው ማጠራቀም ነው።

ማክስዌል በ1862 የኤሌክትሪክ መስክ የለውጥ ፍጥነትም እንደ ጅረት ይቆጠር አለ። እርግጥ እሱ እዚህ የደረሰው መማሪያ መጻሕፍት በሚተርኩት መንገድ ሳይሆን ብርሃንን ይሸከማል ተብሎ ይታሰብ ስለነበረው ኤተር በነበረው መካኒካዊ ሥዕል ተመርቶ ነው። ስሌቱ ግን ቀላል ነው፦ በፕሌቶቹ መካከል ያለው መስክ ወጥ ነው ብንል፣ መጠኑ ቻርጁ በፕሌቱ ስፋትና በባዶ ቦታ ፐርሚቲቪቲ (ቻርጅን ከመስኩ ጋር በሚያያይዘው ቋሚ ቁጥር) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ፍላክሱን በፐርሚቲቪቲው ስናባዛ ስፋቱም ፐርሚቲቪቲውም ተጣፍተው ቻርጁ ብቻ ይቀራል፤ የቻርጁ የለውጥ ፍጥነት ደግሞ ያው 2 አምፒር ነው። ከረጢቱም ጠፍጣፋውም አንድ መልስ ሰጡ።

ከዚህ ጭማሪ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ እንደተገኘ፣ ፍጥነቱም የብርሃን ሆኖ እንደወጣ የታወቀ ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላ ውጤት ነው፦ የተሟላውን ሕግ ዳይቨርጀንስ ወስደን የጋውስን ሕግ ስናስገባበት፣ ከአንድ ቦታ የሚወጣው ጅረት በዚያ ቦታ ከሚቀንሰው ቻርጅ ጋር እኩል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ የቻርጅ አለመጥፋት ከአራቱ የማክስዌል እኩልታዎች ጎን አምስተኛ ሆኖ መጻፍ አያስፈልገውም።