የአሜሪካ ኮሶ

አባቴ ኮሶ የሚጠጣ ዕለት እኛ ልጆች ከቤት እንባረር ነበር። በባዶ ሆዱ ጭልጥ ያደርገውና ፊቱን አጨማዶ ይተኛል። ማንም አያናግረውም። በ47 ዓመቴ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ አራት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከፋርማሲ ይዤ ስገባ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ሐኪሟ ዕድሜዬን አየችና «ኮሎኖስኮፒ አድርገህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ነው። እዚህ አገር ድሮ በ50 ዓመት ነበር የሚጀመረው። የአንጀት ካንሰር ወጣቶቹንም እየያዘ ስለመጣ በፈረንጆቹ 2021 ወደ 45 ዝቅ ተደረገ። «እኔ ምንም አላመመኝም» አልኳት። «ሳያምህ ነው የሚደረገው» አለች። ቤት ውስጥ የሰገራ ናሙና ወስዶ በየዓመቱ ለላቦራቶሪ መላክም ይቻላል። ግን እሱ ላይ የሆነ ነገር ከታየ ዞሮ ዞሮ ወደ ካሜራው ነው። አንዴ ልገላገል ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

መመሪያው ላይ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ለውዝ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል ክልክል ነው ይላል። ስለ እንጀራ ግን አንድም ቃል የለም። ደውዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ጤፍን በስልክ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ከነቅርፊቱ ነው የሚፈጨው?» አለች። አዎ። «እንግዲያው ተወው።» ምስርም ሽሮም ተልባም አብረው ሄዱ። በነጭ ሩዝ፣ በእንቁላልና በፉርኖ ዳቦ ከረምኩ። ዋዜማው ደግሞ ፈሳሽ ብቻ ነው። ቀይ መጠጥ አይቻልም፤ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል። የዶሮ መረቅ ይቻላል፣ ግን ዕለቱ ረቡዕ ነበርና በአፕል ጭማቂ አለፍኩት። ወተት የሌለው ቡና ይፈቀዳል የሚለውን ሳነብ እፎይ አልኩ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ጀሪካኑን ከፈትኩ። ካሜራው በደንብ እንዲያይ አንጀትን አጥቦ ባዶ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ነው። በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ጣዕሙ የባሕር ውሃ ላይ ሎሚ የጨመቁበት ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ከቀዘቀዘና በስትሮ ከተጠጣ ይሻላል። የመጀመሪያው ሰዓት ምንም የለም፤ «ይሄማ እኔ ላይ አልሠራም» አልኩ። ከዚያ ሆዴ ነጎደ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ሽንት ቤት ገባሁ፣ ኑሮዬም እዚያው ሆነ። ቫዝሊን አስቀድማችሁ ግዙ። ለምን እንደሆነ ሲደርስ ይገባችኋል። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከቀናት በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ በራስ የሚወሰን አይደለም። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁም አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ይህን ጉዳይ ልጃችሁን አታስተርጉሙት፣ እሱም እናንተም ትሳቀቃላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ማደንዘዣ ስለሚሰጡህ፣ ከምርመራው በኋላ ቤት የሚያደርስህ የምታውቀው ሰው ከሌለ ቀጠሮው ይሰረዛል። በታክሲ ብቻዬን እሄዳለሁ ማለት አይሠራም። አሥራ አንድ ዓመት ኡበር ነድቻለሁ። ስንቱን ከሆስፒታል በር አንስቼ ቤቱ አድርሻለሁ። ለራሴ ግን አንድ ሰው መጠየቅ አቃተኝ። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ለቅሶ ቢሆን ሰባ ሰው ይመጣል። ግን ደውዬ ምን ልበል? «ወንድሜ፣ በመቀመጫዬ ካሜራ ሊያስገቡ ነውና ሐሙስ ና» ልበል? ለአንዱ «ሆዴን ልታይ ነበር…» ብዬ ጀምሬ ስለ ቤት ኪራይ አውርተን ዘጋን። በመጨረሻ ለዕቁባችን ሰብሳቢ በግልጽ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ዕድሜው 54 ነው።

ምርመራው ራሱ ወሬ የለውም። በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ በደም ሥሬ ማደንዘዣ ገባ። ዓይኔን ገልጬ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብል ነርሷ ሳቀች። አልቋል።

ለካ ጣጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አንጀቱ በደንብ እንዲታይ በጋዝ ይነፉታል፤ ያ ጋዝ ደግሞ መውጣት አለበት። ነርሷ «አትያዘው፣ ልቀቀው» ትለኛለች። ልቀቀው? በሴት ልጅ ፊት? እናቴ ብትሰማ! ከመጋረጃው ማዶ ደግሞ ወዳጄ ተቀምጧል። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ አልቻልኩም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ፦ «ይማርህ!»

ሁለት ትንንሽ ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት፣ አግኝተው እዚያው ቆርጠው አውጥተዋል። በሳምንቱ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ካንሰር አይደሉም፤ ግን ቢተዉ ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ሊለወጡ የሚችሉ ዓይነት ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ተመለስ ብለውኛል።

ያን ዕለት ወዳጄ መኪናውን እየነዳ እኔ በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጬ በቀጥታ ወደ እንጀራ እየሄድን ነበር። ስለ ምርመራው ምንም አልተነጋገርንም። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ፊቱን ሳያዞር፣

«ለመሆኑ ያ ኮሶ ምን ምን ይላል?» አለኝ።