ይበል ያሰኘች ሸክላ

የመጀመሪያዋን የሙዚቃ ሸክላ የገዛሁት በ50 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በገባሁ በሁለተኛው የበረዶ ወቅት፣ ከመጋዘን የሌሊት ሥራ ስመለስ ካፖርት ፍለጋ አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ገባሁ። ከጫማው መደርደሪያ ሥር ልባሳቸው የጠፋ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች የታጨቁበት ካርቶን ነበር። ሳጎነብስ የተቀበለኝ የሻጋታ ሽታ ቀጥታ ደብረ ማርቆስ ወሰደኝ። አባቴ እዚያ ቡና ቤት ነበረው። ካሴት መጥቶ ሸክላን ከሥራ ካስወጣ በኋላ፣ የእኛም ሸክላዎች እንዲህ ባለ ካርቶን ከባንኮኒው ሥር ተቀምጠው የሐምሌን እርጥበት ሲጠጡ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ለእናቴ በስልክ «ሸክላ መሰብሰብ ጀመርሁ» ስላት «ጀበናውን ነው ምጣዱን?» አለችኝ። «የአባባን ዓይነት፤ የሚዘፍነውን» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ «እነዚያንማ ማን ጠበቃቸው» አለች። ይህ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣም።

የምሰበስበው ሶልና ፈንክ የሚባሉትን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃዎች ነው። ሶልና ፈንክ ሲባል ሰው የሚያውቀው ታላላቆቹን ነው፤ የዲትሮይቱን አሳታሚ ሞታውንን፣ የሜምፊሱን አሳታሚ ስታክስን፣ ዘፋኙን ጄምስ ብራውንን። እኔም እወዳቸዋለሁ። ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ክብደቱን ሁሉ በመጀመሪያዋ ምት ላይ አሳርፎ፣ ጊታሩንም ጡሩምባውንም እንደ ከበሮ ሲያስመታቸው ነው ፈንክ መልክ የያዘው። ልቤን የያዙት ግን የገዛ ከተማቸው እንኳን የረሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ቀን ፋብሪካ የሚውል፣ ቅዳሜ ማታ ክበብ ውስጥ የሚዘፍን፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር የሚቆም ወጣት፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ስቱዲዮ ለጥቂት ሰዓት ይከራያል። ጥቂት መቶ ቅጂ ያሳትማል። አንድ ሁለቱን ለአካባቢው ሬዲዮ ይሰጣል፤ የቀረውን በመኪናው ጭኖ እየዞረ ይሸጣል። ሬዲዮው ካላጫወተለት ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የምኖርባት ከተማ ራሷ እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። ቢል ሞስ የተባለ የሬዲዮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካፕሶል የሚባል አሳታሚ እዚሁ ኮሎምበስ አቋቁሞ ነበር። ጥቂት ሸክላዎች አወጣና ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ሠላሳ ዓመት ግድም ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኑሜሮ ግሩፕ የተባለ የቺካጎ አሳታሚ እነዚያን ዘፈኖች አሰባስቦ የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ አወጣቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በአውቶቡስ የማልፍባቸው ሰፈሮች ባዕድ መሆናቸው ቀረ።

መሰብሰብ ትምህርት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ «የመጀመሪያ ኅትመት» ተብላ በ120 ዶላር፣ ማለትም በአንድ ሌሊት ደመወዜ፣ የገዛኋት ሸክላ ኋላ የተባዛች ሆና ተገኘች፤ ሻጩም ከዚያ ወዲህ መልስ አልሰጠኝም። አሁን ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሸክላዋን ወደ ብርሃን አዘንብዬ፣ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ መሐሉ ወረቀት ባለው ልሙጥ ክብ ላይ የተጫሩትን ቁጥሮችና ፊደላት አነባለሁ። ወረቀቱ ሊዋሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የኅትመቱን ማንነት የሚናገሩት እነዚያ ጭረቶች ናቸው። በዓይን የሚታይ ጭረት ሁሉ በጆሮ እንደማይሰማ፣ ጥፍር የሚይዘው ግን መርፌውን እንደሚያስዘልል ተማርሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀርባዋን ሳልሰማ ሸክላ አልጥልም። ፊቷ ለሬዲዮ ታስቦ የተሠራ ነው። ጀርባዋ ላይ ሙዚቀኞቹ ቦታ ለመሙላት ብለው እንደ ልባቸው የለቀቁት ነገር ይገኛል፤ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት፣ ባስ ጊታሩ የሚንጎራደድበት። ከምወዳቸው ግማሾቹን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ ጎጃም ስሄድ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጫወቻና 12 ሸክላዎች በልብስ ጠቅልዬ ያዝሁ። ዓባይን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንወጣ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። ከአባቴ ሸክላዎች የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። እናቴ ከዚያ የስልክ ንግግራችን በኋላ ፈልጋ አግኝታቸው በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣልኛለች። አንዷ የአምሃ ሪከርድስ ናት፤ ጠርዟ ተሰብሯል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በንጉሡ አዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እርሱ ግን ደፍሮ፣ ሥራውን ወደ ውጭ አገር እየላከ አሳተመ። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አወጣ። የሐበሻው ጄምስ ብራውን ይባል የነበረው የአለማየሁ እሸቴ ድምፅ ዛሬ በዓለም የሚሰማው በዚያ ድፍረት ነው። የተሰበረውን ጠርዝ በጣቴ እየዳሰስሁ ብዙ ቆየሁ። ያችን ሸክላ ስንት ሌሊት ሰው ሲጨፍርባት እንዳደረች አባቴ ቢኖር ይነግረኝ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። በፋሲካ ማግስት ሊጠይቁን መጥተው ማጫወቻዋን አዩና «ይህቺ ምንድን ናት?» አሉ። ስለ እነዚያ ዘፋኞች ነገርኋቸው። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ያወጡት በቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ተቀርፀው በዚያው መቅረታቸውን። የዲትሮይቱ አዘፋፈን ከሜምፊሱ እንደሚለይ ስነግራቸው ወዲያው «እንደ ጎንጅና እንደ ዋሸራ» አሉ፤ ሁለቱን የጎጃም የቅኔ ቤቶች ማለታቸው ነው። እኔ ይህን ለማስረዳት ስንት ዓመት ቃል አጥቼ ነበር!

«የኔታ፣ እስከ ዛሬ የተቀኙት ሁሉ የት አለ?» አልኋቸው።

«የለም። ቅኔ አይደገምም፤ የዛሬው ለዛሬ ነው። የራሴንማ ለምን ብዬ እይዛለሁ? የባልንጀሮቼን ግን ይዣለሁ፤ የሞቱትን ሁሉ።»

ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጉባኤ ቃና አሉልኝ። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እንደ ሸክላዋ አጭር። የተቀኛትን ሰው ስም፣ የሰሙበትን በዓል፣ የቆሙበትን ቦታ ጭምር ነገሩኝ። ያ ሰው ካረፈ ዘመን አልፎታል።

መርፌዋን አሳረፍሁ። መጀመሪያ ሲንሿሿ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ከበሮው ሲገባ ፈቱት። እንግሊዝኛውን እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ነገር ግን ዘፋኙ መሐል ላይ ቃሉን ትቶ ድምፁን ብቻ ወደ ላይ ሲለቀው የኔታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው «ይበል!» አሉ። በማኅሌት ለተዋጣ ቅኔ የሚባለውን «ይበል» ነው። እናቴ ቡና መቅዳቷን አቁማ ቀና አለች።

ሲያልቅ «ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ከመሐሉ ወረቀት ላይ አነበብሁላቸው። እስኪይዙት ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ጀርባዋስ? ባዶ ነው?»

ሸክላዋን ገለበጥኋት።