ዱቄት የማይነካው የቀይ ወይን ሶስ

እህቴ ሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ እቤታችን የስንዴ ዱቄት አይገባም። ሰው ይሄን ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀው "ታዲያ ሶሱን በምን ታወፍሩታላችሁ?" ብሎ ነው። ለሥጋ የሚሆን የቀይ ወይን ሶስ ግን ዱቄት ጨርሶ አያስፈልገውም። እንዲያውም ዱቄት ሳይገባበት የወይኑም የሥጋውም ጣዕም ጥርት ብሎ ይመጣል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከመጥበሻው ነው። የማያጣብቅ መጥበሻ ለዚህ አይሆንም፤ የምንፈልገው የሚጣበቀውን ነው። ወፍራም የስቲል መጥበሻ በደንብ ይጋል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበትና እርጥበቱ በሶፍት የተመጠጠ ፊሌቶ ይጠበስ። ሥጋው ሲወጣ ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር ተጣብቆ ይቀራል። ሶሱ ማለት እሱ ነው! ካረረ ግን ስለሚመር ባትጠቀሙበት ይሻላል።

በቀረው ስብ ላይ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት በዝግታ አቁላሉ፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ጦስኝ ጨምሩ። እሳቱን አጥፉና አንድ ኩባያ ወይን አፍስሱ፤ እሳቱ እየነደደ ከሆነ የአልኮሉ እንፋሎት ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚያ መልሳችሁ ለኩሱና ሥሩን በእንጨት ማማሰያ እየፋቃችሁ ግማሽ እስኪሆን ይንተክተክ።

ወይኑ ጣፋጭ ባይሆን ጥሩ ነው። ውሃው ሲተን ስኳሩ እዚያው ስለሚቀር፣ በአክሱሚት ብትሠሩት ሥጋ ላይ ሽሮፕ እንደማፍሰስ ነው። ጉደር ወይም ደረቅ ሜርሎ ይሁን።

ቀጥሎ አንድ ኩባያ መረቅ። እዚህ ላይ አደራ! ብዙ የመረቅ ኪዩቦች ስንዴ አለባቸው፣ አኩሪ አተር ሶስም አብዛኛውን ጊዜ በስንዴ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ማሸጊያውን ሳታነቡ እንዳትጨምሩ። እኔ አጥንት ለረጅም ሰዓት ቀቅዬ መረቁን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋው መረቅ ነው ሶሱን የሚያወፍረው። ማንኪያ ጀርባ ላይ ልጥፍ እስኪል ድረስ ይፍላ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሶሱ እየቀነሰ ሲሄድ ጨዋማነቱ ይጨምራል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሁለት ቁራጭ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ጣል አድርጉና መጥበሻውን እያወዛወዛችሁ አሟሙት። ያንጸባርቃል፣ ወፈር ይላል። የተነጠረ ቅቤ ግን እዚህ አይሠራም፣ ሲነጠር ውሃውና ወተቱ ስለወጣ ከሶሱ ጋር አይዋሃድም፣ ዘይት ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እንግዳ በር ላይ ከደረሰና ጊዜ ካጠረ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ማፍላት ይቻላል፣ ግን የቅቤውን ያህል አይጥምም።

እኛ ከተቀቀለ ድንች ጋር ነው የምንበላው። በእንጀራ ለማቅረብ ካሰባችሁ ንጹህ ጤፍ መሆኑን ጠይቁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፤ እዚያ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል።